«የእኛ ሰው» ቤተ መንግሥት ሲገባ

ድሮ በምሠራበት ድርጅት የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበሩ ኮሚቴ አባል ነበርኩ። እዚያ ካየኋቸው ነገሮች እስካሁን የሚያስገርመኝ፣ ማኔጅመንቱ ከሁሉም ሠራተኛ አብልጦ የሚፈልገው የማኅበሩን ሊቀመንበር መሆኑ ነው። በተለይ ሊቀመንበሩ ጎበዝ ከሆነ። ተናጋሪ፣ አዋጁን በቃሉ የሚያውቅ፣ ሠራተኛው የሚወደው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ሆኖ ይመደባል። ሠራተኛው ደስ ይለዋል። «የእኛ ሰው ገባልን» ይባላል። ከዚያ የሆነ ጥቅማ ጥቅም ሲቀነስ ደብዳቤው ላይ ፈርሞ የሚያወጣው እሱ ነው። ታዲያ ማንም እንደ ድሮው አይጮህም። እሱ ከፈረመማ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ተብሎ ይታለፋል።

ይህንኑ ነገር በአገር ደረጃ ያየሁት የዛምቢያን ታሪክ ሳነብ ነው። ሰውየው ፍሬድሪክ ቺሉባ ይባላል። 17 ዓመት የሠራተኛ ማኅበራት መሪ፣ 10 ዓመት ፕሬዚዳንት፣ ከዚያ ደግሞ ለዓመታት ተከሳሽ። ስሙ ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚያወራው ስለ ጫማዎቹ ነው። ጫማው ጋ እንደርሳለን። እኔን የያዘኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ከእሱ በፊት ፕሬዚዳንት የነበረው ኬኔት ካውንዳ ሁለቴ ሞክሮ፣ ደም ፈስሶ ያልተሳካለትን ነገር፣ የዱቄት ድጎማ ማንሣትን፣ ቺሉባ ያለ አመፅ እንዴት ሊያደርገው ቻለ?

ዓመቶቹን የምጠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በእኛ ልቁጠረው ካልኩ ስንደመርና ስንቀንስ ልንውል ነው።

ቺሉባ በ1943 ተወለደ። ያደገው ኮፐርቤልት በሚባለው የመዳብ አካባቢ፣ ኪትዌ ከተማ ነው። ሁለተኛ ደረጃን አልጨረሰም። በፖለቲካ ጉዳይ ገብተሃል ተብሎ ከትምህርት ቤት ተባረረ። ወደ ታንጋኒካ ተሻግሮ በቃጫ እርሻ ላይ በጸሐፊነት ሠራ። ተመልሶ ንዶላ ከተማ ውስጥ አትላስ ኮፕኮ በሚባለው የስዊድን ኩባንያ በሒሳብ ክፍል ተቀጠረ። የሕንፃ፣ የምህንድስናና የጠቅላላ ሠራተኞች ማኅበር አባል የሆነውም እዚያ ሳለ ነው። አገሩ በመዳብ የሚኖር አገር ነው። መዳብ ከውጭ ንግድ ገቢው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ነበር። የማዕድን ሠራተኞች ማኅበርም ከሁሉም ማኅበራት ግዙፉ ነው። ግን የሁሉም አለቃ የሆነው ማዕድን ቆፋሪ ሳይሆን ይህ የሒሳብ ጸሐፊ ነው። በ1974 የዛምቢያ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ ሊቀመንበር ሆኖ ተመረጠ። 31 ዓመቱ ነበር። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ነበር ይባላል።

አሁን ትንሽ ልቆይ የምፈልግበት ቦታ ላይ ደረስን። ካውንዳ በ1971 በወጣው የኢንዱስትሪ ግንኙነት ሕግ ማኅበራቱ ሁሉ በአንድ ኮንግረስ ሥር እንዲገቡ አደረገ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ተበትነው ከሚያስቸግሩ አንድ ላይ ሆነው መቆጣጠር ይሻላል። የአባላቱ መዋጮም በቀጥታ ከደመወዝ እየተቆረጠ ለማኅበር ይገባል። መንግሥት ይህን ሲያደርግ ኮንግረሱ የፓርቲው ታዛዥ እንዲሆንለት ነበር። ውጤቱ ተገለበጠ። መዋጮው በየወሩ ሳይለመን ስለሚመጣ ኮንግረሱ የራሱ ገንዘብ ኖረው። በየከተማው ቢሮና የተመረጠ ሰው ኖረው። ሌላው ድርጅት ሁሉ በካውንዳ ፓርቲ በዩኒፕ በተዋጠበት የአንድ ፓርቲ አገር፣ መሪዎቹን ራሱ የሚመርጥና አገር የሚያዳርስ ድርጅት ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ይኸው ኮንግረስ ብቻ ሆነ። ካውንዳ ተቃዋሚውን በራሱ ሕግ አሳደገው ማለት ነው።

እኛ ጋ የሆነውን አስታውሱ። በ1966 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ (ይህችን በእኛ ልጥራት) የሠራተኞቹ ኮንፌዴሬሽን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ አገሩን ቀጥ አድርጎ ነበር። ደርግ ሥልጣን ይዞ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ኮንፌዴሬሽኑን ዘጋውና በምትኩ የራሱን አቋቋመ። ካውንዳ አልዘጋም። ቢዘጋ ኖሮ ቺሉባ የሚባል ሰው ዛሬ ማንም አያውቀውም ነበር ብዬ አስባለሁ። ካውንዳ በባሕርይው ደርግ አልነበረም። ነጭ መሐረቡን ይዞ ሕዝብ ፊት የሚያለቅስ፣ አስሮም ቢሆን ፍርድ ቤት ሲፈታበት የሚታገሥ ሰው ነው።

በ1980 መንግሥት የማዕድን ከተሞችን አስተዳደር ከወረዳ ምክር ቤቶችና ከፓርቲው መዋቅር ጋር ሊያዋህድ ተነሣ። የማዕድን ሠራተኛ የሚኖርበት ቤት፣ የሚታከምበት ሆስፒታል፣ ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት፣ ኳስ የሚጫወትበት ክለብ ሳይቀር የኩባንያው ነው። ይህን ለፓርቲ ካድሬ አስረክቡ ሲባል ማኅበራቱ እምቢ አሉ። በጥር 1981 ፓርቲው የማኅበራቱን መሪዎች ከአባልነት አባረረ። ሠራተኛው ወዲያው አድማ መታ። በሐምሌም አድማው ሲያገረሽ ካውንዳ ቺሉባን ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ያለ ክስ አሰራቸው። አንዱ የኮንግረሱ ዋና ጸሐፊ ኒውስቴድ ዚምባ ነው። መንግሥትን ለመገልበጥ አሲረዋል ተባለ። ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ ፍርድ ቤቱ እስራቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈታው።

ከእስር ሁለት ነገር ይዞ ወጣ። አንዱ እምነት ነው፤ እዚያ ሳለ ጌታን ተቀበለ። ሁለተኛው ስም ነው። ካውንዳ አስሮት ያልሰበረው ሰው ሆነ። በኋላም በፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ውስጥ ወንበር ሲሰጠው አልፈልግም አለ። ሌሎች የማኅበር መሪዎች እንዲህ ያለ ሹመት ሲያገኙ ዓይናቸውን አላሹም። እሱ ወይ ፍንክች። ያኔ ላይ ያለውን ቺሉባ ሳነብ እወደዋለሁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

የመዳብ ዋጋ ከ1975 ጀምሮ ወድቋል። መንግሥት ማዕድኖቹን የወረሰው ዋጋው ጥሩ በነበረበት ጊዜ ነው። ከዚያ ገቢው ሲደርቅ መበደር ተጀመረ። አበዳሪዎቹ ደግሞ፣ እነ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት፣ የበቆሎ ዱቄት ድጎማን አንሱ አሉ። ዛምቢያ ውስጥ ምግብ ማለት ንሺማ ነው። ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራ፣ ገንፎ የሚመስል። ጠዋትም ማታም እሱ ነው። በታኅሣሥ 1986 ድጎማው ሲነሣ ኮፐርቤልት ተቃጠለ። ሱቆች ተዘረፉ፣ ቢያንስ 15 ሰው ሞተ። ካውንዳ ድጎማውን መለሰ። በሰኔ 1990 እንደገና ሞከረ። የዱቄት ዋጋ በእጥፍ ጨመረ። አሁን ደግሞ ዋና ከተማዋ ሉሳካ ራሷ ነደደች፤ ከ20 በላይ ሰው ሞተ። በዚያው ሰሞን አንድ የጦር መኮንን በሬዲዮ «መንግሥት ተገለበጠ» ብሎ አወጀ። ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የቆየ ወሬ ነው። ግን ሰው መንገድ ወጥቶ ጨፈረ። ካውንዳ ያበቃለት በዚያች ጠዋት ይመስለኛል።

ቺሉባ ከዚያ በፊት፣ በ1989 መጨረሻ፣ የበርሊን ግንብ እንደፈረሰ በአደባባይ ጠይቆ ነበር፤ የሶሻሊዝም ባለቤቶች የአንድ ፓርቲን ነገር ከተዉት እኛ አፍሪካውያን ምን ቤት ነን? በሐምሌ 1990 ሉሳካ ውስጥ ጋርደን ሃውስ በሚባል ሞቴል ስብሰባ ተደረገ። ነጋዴው፣ ጠበቃው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ፣ ከካውንዳ የተኳረፉ የቀድሞ ሚኒስትሮች፣ የማኅበራት ሰዎች ተሰበሰቡ። የመድብለ ፓርቲ ዴሞክራሲ ንቅናቄ የሚባለው፣ በአጭሩ ኤምኤምዲ፣ እዚያ ተወለደ። ገንዘቡን ነጋዴዎቹ አመጡ። ሰውን ግን ማን ያመጣል? በየከተማው ቢሮ፣ አዳራሽና ስልክ ያለው፣ ስብሰባ መጥራት የሚያውቅ የማን ነው? የቺሉባ። በ1991 መጀመሪያ በተደረገው ጉባኤ ከእሱ የተማሩና ሀብታም የሆኑ ተፎካካሪዎችን አሸንፎ የኤምኤምዲ መሪ ሆነ። መፈክራቸው «ሰዓቱ ደርሷል» የሚል ነበር።

1991 ለእኛም ትልቅ ዓመት ነው። ግንቦት ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሸሽቶ የዛምቢያ ጎረቤት ዚምባብዌ፣ ሐራሬ ገባ። እኛ አገር ሥልጣን በታንክ ተቀየረ። በጥቅምት መጨረሻ ዛምቢያ ውስጥ በካርድ ተቀየረ። ቺሉባ 76 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኘ። ከ150 የፓርላማ ወንበሮች ኤምኤምዲ 125ቱን ወሰደ። ለ27 ዓመት የገዛው ካውንዳ በቴሌቪዥን ቀርቦ ሽንፈቱን ተቀበለ። በአህጉሪቱ ያልተለመደ ነገር ነበር። በእኔ ግምት በዚያ ቀን ከአሸናፊው ይልቅ ተሸናፊው ነው የከበረው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። አዲሱ መንግሥት ወራት ሳይቆይ የዱቄት ድጎማውን ማንሣት ጀመረ። ያው ካውንዳን ያቃጠለው ነገር። በዚያ ላይ 1992 ከባድ ድርቅ መጣ። የዋጋ ንረቱ በ1993 ከ100 በመቶ በላይ ነበር። ሱቅ ተዘረፈ? አልተዘረፈም። ኮፐርቤልት ነደደ? አልነደደም።

የሚሰጡት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የጫጉላ ጊዜ ነው፤ ሕዝቡ ለአዲስ መንግሥት ይታገሣል። ኤምኤምዲ በምርጫው ጊዜ መሥዋዕትነት ይጠይቃል ብሎ አስቀድሞ ተናግሯል። ለጋሾች በቆሎ ልከዋል። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ያንን የድርጅታችንን ደብዳቤ አስታውሳለሁ። ሠራተኛውን ጠርቶ፣ አስተባብሮ፣ «እምቢ በል» የሚለው ሰው አሁን ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ዋና ጸሐፊው ዚምባም ሚኒስትር ሆኗል። ማኅበራቱ ጎበዝ ጎበዝ ሰዎቻቸውን ለመንግሥት ሰጥተው ቀርተዋል። የቀሩት ደግሞ በማን ላይ ነው የሚነሡት? ትናንት አብረውት የታሰሩት፣ አብረውት የዘመሩት ሰው ነው። ካውንዳ ሲያደርገው ጭቆና የነበረው፣ ቺሉባ ሲያደርገው መድኃኒት ተባለ። መራራ ነው ግን ዋጡት።

እና ዋጡት። ምን ያህል እንደዋጡ ለማየት የዚያን አሥር ዓመት ዝርዝር ማየት ነው። ከ250 በላይ የመንግሥት ድርጅቶች ተሸጡ ወይም ተዘጉ። አገር ያገለግል የነበረው የአውቶቡስ ድርጅት ፈረሰ። የዛምቢያ አየር መንገድ በ1994 መጨረሻ ተዘጋ። በየአየር መንገዱ ወሬ ላይ ደረታችንን የምንነፋ ሰዎች ይህችን ብናስታውስ ጥሩ ነው። የልብስ ፋብሪካዎች ገበያው ሲከፈት አንድ በአንድ ወደቁ። በምትካቸው ሳላውላ መጣ፤ እኛ ሰልባጅ የምንለው በቦንዳ የሚመጣ ልብስ። ከፋብሪካ የተቀነሰችው ሰፊ ገበያ ላይ ቁጭ ብላ የፈረንጅ ሸሚዝ መሸጥ ጀመረች። የተቀነሰው ሠራተኛ የአገልግሎት ክፍያውን ለማግኘት ዓመታት ይጠብቅ ነበር። ሳያገኝ የሞተም አለ።

የማዕድኑ ከሁሉ የከፋ ነው። ሉዋንሺያ ከተማ ያለው ማዕድን በ1997 ቢናኒ ለሚባል የሕንድ ኩባንያ ተሸጠ። በሦስት ዓመት ውስጥ ኩባንያው ወደቀ። ማዕድኑ ሲቆም ሆስፒታሉም፣ ክለቡም፣ ውሃውም አብሮ ተንኮታኮተ፤ ከተማዋ ሌላ ምንም አልነበራትማ። ዋነኞቹን ማዕድኖች በ2000 የገዛው አንግሎ አሜሪካን ደግሞ ሁለት ዓመት ሳይቆይ አያዋጣኝም ብሎ ጥሎ ወጣ። በሰባዎቹ ከ60 ሺህ በላይ የነበረው የማዕድን ሠራተኛ ቺሉባ ሥልጣን ሊለቅ አካባቢ 20 ሺህ ገደማ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ሚዛኑን እንዳልስት አንድ ነገር ልጨምር። ያው መንግሥት የቀበሌና የኩባንያ ቤቶችን ለሚኖርባቸው ሰዎች በትንሽ ገንዘብ ሸጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ዕድሜ ልካቸውን በኪራይ ከኖሩበት ቤት ባለቤት ሆኑ። ሥራ የቀማቸው ሰው ቤት ሰጣቸው። ዛምቢያ ውስጥ እስከ ዛሬ ስለ ቺሉባ ክፉ ሲነገር የማይወድ ሰው ካገኛችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ቤት ነው። ሱቁ ባዶ የነበረበትን፣ ለሳሙናና ለዘይት የሚሰለፉበትን የካውንዳን ዘመን ያስታውሱና ቢያንስ ዕቃ መጣ ይላሉ። ያንን ሰልፍ ያየ ትውልድ እኛ ጋም አለ፤ ስሜቱ ይገባዋል።

ማኅበራቱስ? በ1993 የወጣው አዲስ የሠራተኛ ሕግ ሁሉንም በአንድ ኮንግረስ ሥር የማስገባቱን ነገር አስቀረው። ትላልቆቹ፣ የማዕድን ሠራተኞችን ጨምሮ፣ በቀጣዩ ዓመት ተገንጥለው ወጡ። የመደራጀት ነፃነት ነው፤ በመርህ ደረጃ የሚከራከር የለም። ግን ቺሉባ ያ አንድ ኮንግረስ ምን ማድረግ እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቃል። የወጣበትን መሰላል ከማንም በላይ የሚያውቀው የወጣው ሰው ነው።

ስለ ፖለቲካው በፍጥነት ልለፍ። ሥልጣን በያዘ በሁለተኛው ወር፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1991፣ ዛምቢያ የክርስቲያን አገር ናት ብሎ አወጀ። በ1993 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጣ። ያለ ክስ ታስሮ የነበረው ሰው ያለ ክስ አሰረ። በ1996 ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ወላጆቹ ዛምቢያ ያልተወለዱ ሰው ለፕሬዚዳንትነት እንዳይወዳደር ከለከለ። የካውንዳ ወላጆች ከማላዊ የመጡ ናቸው። አንድ ሰው ላይ የተሰፋ ሕግ መሆኑን ሕፃን ያውቃል። ጉዱ ደግሞ የቺሉባ የራሱ ትውልድ ኮንጎ ነው ተብሎ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ክሱ ውድቅ ሆነ። በ1997 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደረገና ካውንዳ በገና ቀን ታሰረ። 73 ዓመቱ ነው። እስር ቤት ሆኖ ምግብ አልበላም አለ። የቀድሞው የታንዛኒያ ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከአገሩ ድረስ መጥቶ ነው ያስበላው። በኋላም አንድ ፍርድ ቤት አገሩን ነፃ ያወጣውን ሰው ዜግነት የለህም ብሎት ነበር።

ቀስ ብዬ ማለፍ የምፈልገው 2001ን ነው። ሕገ መንግሥቱ የሚፈቅደው ሁለት የሥልጣን ዘመን ብቻ ነው። የቺሉባ ደጋፊዎች ሦስተኛ ይገባዋል ማለት ጀመሩ። እሱ ዝም አለ። ድርድር ያስተማረው ይህን ነው፤ ሌላው እስኪናገር ዝም ማለት። ቤተ ክርስቲያናት፣ የጠበቆች ማኅበርና የሴቶች ድርጅቶች ሉሳካ ውስጥ ኦኤሲስ በሚባል ምግብ ቤት ተሰብስበው አይሆንም አሉ። አረንጓዴ ሪባን ማሰር ተጀመረ። ዓርብ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን መኪና የሚነዳ ሁሉ ጡሩምባውን ይነፋል። ፖሊስ ጡሩምባ ነፋህ ብሎ ስንቱን ያስራል? ፓርቲው ውስጥም ምክትል ፕሬዚዳንቱን ጨምሮ የተቃወሙት ሚኒስትሮችና እንደራሴዎች ተባረሩ። ግንቦት መጀመሪያ ላይ ቺሉባ በቴሌቪዥን ቀርቦ አልወዳደርም አለ።

ይህን እንቅስቃሴ ሳስብ አንድ የጎደለ ነገር ይታየኛል። በ1990 አገሩን ያንቀሳቀሰው ሠራተኛው ነበር። በ2001 ግን ግንባር ላይ ያሉት ጳጳሳትና ጠበቆች ናቸው። ባለ መኪኖች ናቸው ጡሩምባ የነፉት። የሠራተኛው ማኅበር ያኔ አቅሙ ተሟጦ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ሉሳካ ላይ ተደረገ። ቺሉባ የድርጅቱ ሊቀመንበር ሆነ። አዲስ አበባ ያደገው ድርጅት ወደ አፍሪካ ኅብረት የሚሸጋገርበትን ውሳኔ የመራው እሱ ነው። በ1999ም የኮንጎው የተኩስ አቁም ስምምነት ሉሳካ ላይ ሲፈረም ያሸማገለው እሱ ነበር። በሽምግልና ሰውየው የዋዛ አልነበረም። ያ ችሎታው ከማኅበር የመጣ መሆኑ ያስታውቃል።

እንግዲህ ጫማው። ቺሉባ በምትኩ ያስቀመጠው ጠበቃው ሌቪ ምዋናዋሳ ነበር። ምዋናዋሳ 29 በመቶ ድምፅ ብቻ አግኝቶ አሸነፈ። ሁሉም የቺሉባ አሻንጉሊት ነው ብሎ አስቦ ነበር። ሰውየው ግን በሐምሌ 2002 ፓርላማው የቺሉባን ያለመከሰስ መብት እንዲያነሣ አደረገ። የአገሪቱ የደኅንነት መሥሪያ ቤት ለንደን ውስጥ የነበረው የባንክ ሒሳብ ተመረመረ። ከዚያ ሒሳብ ለልጆች ትምህርት፣ ለዘመድ አዝማድ፣ ጄኔቫ ላለ የልብስ መደብር ገንዘብ ሲወጣ ኖሯል። በመደብሩ ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ። የአሥር ዓመት ደመወዙ ተደምሮ እዚያ አይደርስም። መርማሪዎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ሸሚዞች፣ ሱፎችና ለእሱ ብቻ በልክ የተሠሩ ተረከዘ ረጃጅም ጫማዎች አገኙ። በ2007 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት እሱና አብረውት የተከሰሱት 46 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዲመልሱ ፈረደ። ዳኛው ስለ አለባበሱ ያሾፉበትን ክፍል ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ትንሽ ከበደኝ። የለንደን ዳኛ በአፍሪካ ፕሬዚዳንት ጫማ ሲሳለቅ መስማት ሁለት ዓይነት ስሜት ይሰጣል። ቺሉባም ይህችኑ ተጠቅሞባታል። የቅኝ ገዢዎች ፍርድ ቤት አያውቀኝም አለ።

ስለ ልብሱ ሌላም ነገር አስባለሁ። በካውንዳ ዘመን ባለሥልጣን የሚለብሰው ባለ አራት ኪስ ሳፋሪ ሱት ነበር። እኛም ጋ የኢሠፓ ሰዎች የሚለብሱት ሰማያዊ ዩኒፎርም ነበር። ቺሉባና ጓደኞቹ ሲመጡ በደረት ላይ የሚደረበውን ሱፍ ከከረባት ጋር ለበሱ። ለውጥ መጣ ማለት ነው፤ ሽክ ያለ ለውጥ። የሒሳብ ጸሐፊው በሱፍ ቢሮ መግባቱ መጀመሪያ ላይ የሠራተኛውም ኩራት ነበር። ሰውየው ዝነጣውን የጀመረው ሲሰርቅ አይደለም። ድሮም ይወድ ነበር። ልዩነቱ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ላይ ነው።

በነሐሴ 2009 የሉሳካ ፍርድ ቤት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ሰረቀ የሚለው የወንጀል ክስ አልተረጋገጠም ብሎ በነፃ አሰናበተው። ምዋናዋሳ ከአንድ ዓመት በፊት ሞቷል። አዲሱ ፕሬዚዳንት ከቺሉባ ጋር ታርቋል። ይግባኝ ያስገባው የምርመራ ቡድኑ መሪ ከሥራ ተሰናበተ፤ ይግባኙም ቀረ። የለንደኑንም ፍርድ የዛምቢያ ፍርድ ቤት አላስፈጽምም አለ። ሰኔ 18 ቀን 2011 ቺሉባ በ68 ዓመቱ ሞተ። በመንግሥት ሥርዓት ተቀበረ።

ከሠራተኛ ማኅበር ተነሥተው ፕሬዚዳንት የሆኑ ሌሎችም አሉ። የፖላንዱ ሌክ ቫዌንሳ የመርከብ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነበር። በ1990 ተመረጠ፣ በ1995 ተሸነፈ፣ በ2000 እንደገና ሲወዳደር አንድ በመቶ ገደማ ብቻ አገኘ። እዚያም ያው ነው፤ ንቅናቄው ያመጣው መንግሥት ፋብሪካዎቹን ዘጋ። የብራዚሉ ሉላ ግን የተለየ መንገድ ሄደ። በ1980 የሠራተኞች ፓርቲ አቋቋመ። ሦስት ጊዜ ተሸነፈ። በ2002 ሲያሸንፍ የሃያ ዓመት ፓርቲ፣ ፕሮግራም፣ በየከተማው ያስተዳደሩ ሰዎች ነበሩት። ቺሉባ ከዚያ ሞቴል ስብሰባ እስከ ቤተ መንግሥት ድረስ 15 ወር ብቻ ነው የፈጀበት። ኤምኤምዲን አንድ ያደረገው ካውንዳ ይውረድ የሚለው ብቻ ነው። ካውንዳ ሲወርድ ነጋዴው ምን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር፣ አበዳሪውም ያውቅ ነበር። ሠራተኛው ግን ሰው እንጂ ፕሮግራም አላስገባም። መሪዬ ገብቷል ብሎ ቤቱ ሄደ።

ሰዎች ቺሉባን ሥልጣን አበላሸው ይላሉ። ጫማውን ያየ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ጫማው ባይኖርም፣ አንድ ሳንቲም ባይነካም፣ ሉዋንሺያ ያው ትሆን ነበር ባይ ነኝ። ሌብነቱ ክስ ተመሠረተበት፣ ዳኛ ተቀመጠበት፣ ጋዜጣ ጻፈበት። የማዕድኑ ሽያጭ ላይ ግን ያን ያህል የተቀመጠበት ዳኛ የለም።

ክርክሩ ግን አልሞተም። በነሐሴ 2021 ምርጫ ያሸነፈው ሃካይንዴ ሂቺሌማ ነጋዴ ነው። በቺሉባ ዘመን የሒሳብና የማማከር ድርጅት ይመራ ነበር፤ ድርጅቱም በሽያጮቹ ላይ ሠርቷል። ተቀናቃኞቹ በምርጫው ዘመቻ አጥብቀው የያዙት ይህንኑ ነበር፤ ያኔ አገር ሲሸጥ አንተ የት ነበርክ እያሉ። ሥራ አጡ ወጣት፣ ብዙው ሽያጩ ሲካሄድ ገና ያልተወለደ ወይም ጡት የሚጠባ፣ ይህን እየሰማ ሄዶ ለሂቺሌማ ድምፁን ሰጠ።